የአሥራ አራት ቁጥር እጀታ

ሰው ቢላዋ ሲያመሰግን ስለቱን ነው። እጀታውን ማን ያነሳዋል? እኔ ግን ከድሮም ከእንጨት እጀታ ወገን ነኝ። ስሙን የሚያስጠራው ስለቱ ይሁን እንጂ፣ ላባችንን እየጠጣ ከመዳፋችን ጋር አብሮ የሚያረጀው እንጨቱ ነው። ፕላስቲኩንማ አምኜው ጉድ ሠርቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ሰባተኛ አካባቢ ስንኖር፣ ለፋሲካ ስምንት ጎረቤታሞች አንድ በሬ ገዝተን ቅርጫ እንገባ ነበር። ሥጋውን በየመደቡ የማካፍለው እኔ ነኝ። ይህን ሹመት አትናቁት፤ ሚኒስትር እንኳ ሲሳሳት የሚያየው ጥቂት ሰው ነው፣ ሥጋ አካፋይ ሲሳሳት ግን ስምንት ቤተሰብ ያየዋል። አንድ ፋሲካ ታዲያ ፕላስቲኩ እጀታ ስብ ሲነካው ሙልጭ አለና የጋሼ ዘለቀ መደብ ከሽንጡ ጎደለ። ጋሼ ዘለቀ ዓመቱን ሙሉ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ እየመለሱ ከረሙ። ለሚቀጥለው ፋሲካ ስሜን ማደስ ነበረብኝ።

ስለዚህ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ እየቀጠቀጡ እጀታ የሚገጥሙ ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንዱን ብድግ ባደርገው እጄ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። እንጨቱ ምንድነው ብላቸው፣ ወይራ ነው፣ ካገር ቤት የመጣ፣ የልጅ ልጅህ ይወርሰዋል አሉኝ። ደስ እያለኝ ይዤው ሄድኩ።

ቤት ገብቼ እጀታውን በዘይት ሳሸው ላዩ ላይ የተቀባው ጥቁር ለቀቀና ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ። ደግሜ ሳሸው በነጭ የተጻፈ «1» መጣ። ሮጬ በሩን ቀረቀርኩ።

ለምን አትሉም? የቀበሌያችን አዳራሽ አግዳሚ ወንበሮች አረንጓዴ ናቸው፤ ቁጥራቸው በነጭ የተጻፈ። እነዚሁ ወንበሮች ከጥቂት ወራት ወዲህ አንድ በአንድ እየጠፉ ነበር። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ከሕዝብ ንብረት ስንጣሪ የነካ ሁሉ በኢኮኖሚ አሻጥር ይጠየቅልን ብሎ የደነፋው ማን ነው? እኔ። ለድንፋታው ሽልማት የአጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ የተደረገውስ? እኔው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በዚያ ዘመን በአሻጥር ተከሶ እስር ቤት የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣም አይታወቅም ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ሸምሱ ዘንድ በረርኩ። ይሄ እኮ የቀበሌ ወንበር ነው ብላቸው፣ ወንበር ከእንጨት ሳይሆን ከምን የሚሠራ መስሎሃል አሉኝ። ማን አመጣልዎት ብላቸው ደግሞ፣ እኔ ሰው አልጠይቅም፣ አንተንስ ጠይቄሃለሁ ወይ ብለው መዶሻቸውን አነሱ። ወስዶ ቦይ ውስጥ መወርወር ነበር። ግን ምን ላድርግ፣ እጄ ለመደው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት እጀታውን በጨርቅ ጠቅልዬ ቀረብኩ። ምነው ሲሉኝ፣ እንዳያንሸራትተኝ ነው አልኩ። ማካፈሉ እንደ ልቤ ሆነ፤ ጋሼ ዘለቀ እንኳ ሽንጣቸውን አይተው እጅህ ይባረክ አሉኝ። ይህን ጊዜ የቅርጫችን ስምንተኛ አባል የሆኑት የቀበሌው ሊቀመንበር ላግዝህ ብለው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። በሬ ካራጁ ይውላል የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል። እሳቸው ከኮታቸው ውስጥ ቢላዋቸውን ሲመዙ የእኔ ጨርቅ በስብ ርሶ ተንሸራተተና ወደቀ።

የእሳቸውም እጀታ ጥቁሩ ለቆ አረንጓዴ ነበር። በነጭ «4» ይላል። ሁለቱ ቢላዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ በመዝገቤ ላይ «የጠፋ» ብዬ የጻፍኩት 14 ቁጥር ወንበር በአካል ተገኘ።

ሊቀመንበሩ ቢላዎቹን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጓድ፣ የኮሚቴው ሪፖርት ከምን ደረሰ አሉኝ። በማጣራት ላይ ነን አልኳቸው። አትቸኩሉ አሉና ወደ ጎድኑ ዞሩ። ከየት ገዙት አላልኳቸውም፤ እሳቸውም እኔን አላሉኝም።

ከፋሲካ በኋላ ለስብሰባ ስንጠራ አዳራሹ ውስጥ አንድም ወንበር አልቀረም። ሁላችንም እንደቆምን ሪፖርቴን አነበብኩ፦ «ጠፍተዋል የተባሉት ወንበሮች በየቤቱ ገብተው ሰፊውን ሕዝብ በማገልገል ላይ መሆናቸው ተረጋግጧል።» አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ሌላ ጊዜ አራት ሰዓት የሚፈጀው ስብሰባ በግማሽ ሰዓት አለቀ፤ ሪፖርቱም በጭብጨባ ጸደቀ። ቆሞ ማን ይከራከራል?