እትዬ አሰለፈች ያወጡት ሕግ

ስሙኝማ፣ ሮም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አጣን ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እዚህ ከተማ እኮ ድንጋይ ብትወረውሩ ወይ ድመት ነው የምትመቱት ወይ ጉልላት። እናቴ መጀመሪያ የመጣች ሰሞን አውቶቡስ ውስጥ ሆና፣ ባለፈችው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ስታማትብ መውረጃዋን ረስታ መጨረሻው ፌርማታ ደረሰች። አሠሪዋ ሲኞራ ጮኸችባት። "ስሳለም ነው" ብትላት ማን ይሰማታል?

የኛው ግን ምድር ቤት ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ የካቶሊክ ደብር አለ፣ ቄሱ ከሥሩ ያለውን አዳራሽ አውሰውናል። ሌላ ቀን የሰፈሩ ጎረምሶች ፒንግ ፖንግ ይጫወቱበታል። ግድግዳው ላይ የኳስ ቡድን ፎቶ ተለጥፏል። እሑድ እሑድ የእመቤታችንን ሥዕል እላዩ ላይ እንሰቅላለን፣ የበረኛው ጓንት ግን በጎን ብቅ ማለቱን አይተውም። መስኮት የለም። ክረምት ሲሆን ግድግዳው ያለቅሳል። አንድ ቀን በለጡን "ጠበል ፈለቀ" አልኳት። በለጡ ፒኜቶ ሰፈር በሰዓት እየተከፈላት ቤት የምታጸዳ የዋህ ልጅ ናት፣ ያሏትን ሁሉ ታምናለች። ፊቷን፣ አንገቷን፣ የሚያማት ጉልበቷን ሳይቀር አሸች። ከላይ ያለው የሽንት ቤት ቧንቧ መሆኑን ስነግራት በጫማ አባረረችኝ። ጫማው ደሞ የሷ አልነበረም፣ ከደጃፉ ያነሳችው የአቶ ጌታሁን ነው።

እናቶቻችን በሙሉ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። የሚበዙት "ፊሳ" ናቸው፣ ማለት እዚያው ሠርተው እዚያው የሚያድሩ። የሚለቀቁት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ቅዱሳኑም ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሚካኤል ማክሰኞ ከዋለ ሐሙስ ድረስ ይጠብቀናል። እኔን እናቴ መነኮሳዪቶቹ ጋ ኮሌጆ፣ ማለት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብታኛለች፤ ሲኞራዋ ልጅ አትፈልግማ። እና እናቴን የማገኛት እዚያው ምድር ቤት ነው። ጸሎት እወዳለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። እናቴን ግን እወዳታለሁ።

አሎራ፣ ወደ ነገሬ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ጭቅጭቅ ይጀመራል። ርእሱ ሁሌ አንድ ነው፣ "ቤተ ክርስቲያን ምን መሆን አለበት?" የሚያስጀምረው አቶ ጌታሁን ነው። አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ እዚህ የአንድ ፓላትሶ፣ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ጠባቂ ነው፤ አሁንም ግን ሲናገር ችሎት የቆመ ይመስለዋል። አንዱ ይነሳና "ታቦት የሌለው ቤት አዳራሽ ነው" ይላል። ሌላው "አዳራሽ ከሆነ ለምን ጫማ አስወለቃችሁን፣ እግሬ በረደኝ እኮ" ይላል። እንዲህ እንዲህ ሲሉ እናቶቻችን ወደ ሲኞራዎቻቸው የሚመለሱበት ሰዓት ይደርሳል።

የባሰው ደሞ የስም ነገር ነው። ደርግ አንዱን ፓትርያርክ አውርዶ ሌላውን ሾመ አይደል? ጸሎቱ መሀል ስም የሚጠራበት ቦታ አለ። የማንን ይጥሩ? አባ ገብሬ ለትምህርት የመጡ ምስኪን መነኩሴ ናቸው። የአሁኑን ቢጠሩ ግማሹ ያኮርፋል። የድሮውን ቢጠሩ ደሞ ማን ጆሮ ጠቢ እንደሆነ አይታወቅም፤ ነገ ኤምባሲ፣ ከነገ ወዲያ አገር ቤት ያለው ወንድምህ። ስለዚህ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሕዝቡም ይስላል። ሁሉም "እህ እህ" ሲል ስሙ መሀል ላይ ሰምጦ ይቀራል። አንድ እሑድ እኔ ገና ሳይደርሱ ሳልኩ። ሕዝቡ ደረሱ ብሎ ሳለ። አባ ግራ ገብቷቸው እሳቸውም ሳሉ። እውነተኛው ቦታ ሲደርስ ሁሉም ሳሉን ጨርሶ ነበርና ስሙ ቁልጭ ብሎ ተሰማ። የማን ስም እንደነበር አልነግራችሁም። እናቴ ግን ቆንጥጣ አቆሰለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ "የሚመራን ሰው ይመረጥ" ተባለ። ምን ተብሎ ይጠራ? አቶ ጌታሁን "ሊቀመንበር" አለ። በዚህ በደርግ ዘመን ሊቀመንበር ሲባል የማን ፊት እንደሚመጣባችሁ ታውቃላችሁ። አባ ገብሬ ቀስ ብለው "ልጆቼ፣ ታቦት የሚያርፍበት መንበር ሳይኖረን ሊቀመንበር ከየት እናመጣለን?" አሉ። ማንም ደፍሮ አልሳቀም።

በመጨረሻ ሁለቱም ወገን ያልጠረጠራቸው አንድ ሰው ተገኙ፣ እትዬ አሰለፈች። እትዬ አሰለፈች ጭቅጭቁ ላይ አፋቸውን አይከፍቱም። ማን እንደታመመ፣ የትኛዋን ሲኞራዋ እንዳባረረቻት ይጠይቃሉ፣ በቃ። አንድ ልጅ አላቸው፣ ዳዊት። አዲስ አበባ እህታቸው ጋ ትተውት ነው የመጡት። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፣ ሰሜን ነው ተባለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ከአዲስ አበባ ሰው መጣ ከተባለ እትዬ አሰለፈች ተርሚኒ ድረስ ሮጠው "ሰሜን ያለ ልጅ ታውቃላችሁ? ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰሜን ያለ ልጅ! የማን ልጅ ሰሜን ያልሄደ አለ?

እንግዲህ መመረጣቸውን ሳይሰሙ ሶርፕሬዛ እናድርግላቸው አልኩ። ድንገት እናስደስታቸው፣ ማለቴ ነው። ሁሉም ቫ ቤኔ፣ እሺ አለ። ስልክ የደወልኩትም እኔ ነኝ። "እትዬ፣ እሑድ በጠዋት ይምጡ፣ አባ ይፈልጉዎታል" አልኳቸው። "ምነው ልጄ?" አሉ። "ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው። ብቻ ይምጡ።"

አሁን እየሳቃችሁ ነው አይደል? ወይስ ደነገጣችሁ? እኔ ሮም ያደግኩ ልጅ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር በምን ልወቅ? ትልልቆቹስ ለምን አልታያቸውም? ሊቀመንበር እንበላቸው ወይስ ሰብሳቢ እያሉ እየተጨቃጨቁ ማን ያስብ!

እሑድ ሆነ። ሁሉም ነጠላውን ለብሶ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጧል። እኔ "ትንፍሽ እንዳትሉ" ብያለሁ። መሀል ላይ አንድ ባዶ ወንበር አስቀምጠናል። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። እናቴ ደሞ አንጀቷ ቅቤ ነው፣ ገና ከወዲሁ በደስታ እንባዋ መጥቷል።

እትዬ አሰለፈች በሩ ላይ ቆሙ። ባዶውን ወንበር አዩ። መስቀሉን አዩ። የእናቴን እንባ አዩ። ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"ዳዊቴ!" አሉ። "ዳዊቴን ነው!"

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን መደቃት ጀመሩ። እኔ "ኖ፣ ኖ፣ ሶርፕሬዛ ነው!" እያልኩ እዘላለሁ። አቶ ጌታሁን "ማርያምን፣ ማንም አልሞተም! ተመርጠው ነው!" ይላል። "አዎ ተመረጠ!" አሉ እትዬ አሰለፈች፣ "ከሰው ልጅ ሁሉ የኔው ተመረጠ!" በማርያም በማሉ ቁጥር ባሰ። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚያደርገው መማል አይደል እንዴ? በለጡ "እኔ ሳልሰማ ተነግሮ ይሆናል" ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ከዚያ እናቴ። ከዚያ ሁሉም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አንዷ እስር ቤት ያለ ወንድሟን፣ አንዷ ያልቀበረቻትን እናቷን እየጠራች ምድር ቤቱ ተናወጠ። ከላይ የደብሩ ቄስ ደንግጠው ወረዱ። "ማን ሞተ?" አሉኝ በጣልያንኛ። "ኔሱኖ" አልኳቸው፣ ማንም። አንዴ እኔን አንዴ ሕዝቡን አዩ፣ አማተቡና ተመልሰው ወጡ።

እትዬ አሰለፈች የተረጋጉት ሐሙስ ተርሚኒ ስልክ ቤት ከተወሰዱ በኋላ ነው። እህታቸው በጎረቤት ስልክ ተጠርታ መጣች። "ደህና ነው" አለች። "ደህና ነው አትበይኝ፣ የኛ ሰው ሬሳ ተሸክሞም ደህና ነው ይላል!" ብለው ጮኹባት። እህታቸው ማለች፣ በቁሙ ያየው ወታደር አለ አለች። እሳቸውም አመኑ። ወይ ለማመን ወሰኑ።

በሚቀጥለው እሑድ ሹመቱን ተቀበሉ። ባዶው ወንበር ላይ ግን አልተቀመጡም፣ ቆመው ነው የተናገሩት።

"ይሄ ቤት ቤተ ክርስቲያን ይሁን አዳራሽ እኔ አላውቅም" አሉ። "አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ሰው የሞተበት እዚህ ከገባ፣ በገባበት ይነገረው። ደህና ነው የሚባል ነገር እዚህ ቤት አልሰማም። እኔ ከሆንኩም ቆሜ ንገሩኝ። በዚያን ቀን ያየሁትን ደግሜ አላይም።"

አቶ ጌታሁን "አንቀጽ አንድ!" አለ። ሁሉም እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ።

እውነቴን ነው፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት ሆነ። እትዬ አሰለፈች አባን "ስም አይጥሩ፣ ጳጳሶቻችንን ብለው ይለፉ፣ እግዜር እንደሆነ ስማቸውን ያውቃል" አሏቸው። ሳሉ ቆመ። ታቦት ይኑር አይኑር የሚሉትን "ይኑር፣ እስኪመጣ ግን ወለሉን እናጽዳ" ብለው መጥረጊያ ያስይዟቸዋል። ጫማም ተፈቀደ፣ ካልሲ ለሌለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት መጣችና ተርሚኒ ቡና ቤት እናቴን ለብቻዋ ጎተት አደረገቻት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዳዊት ሞቷል አለች። አሁን አይደለም፣ ድሮ ነው። አክስቱ ተረድታ፣ ለቅሶውም አልቆ ነበር። ያን እሑድ እኛ "ማንም አልሞተም" ብለን በማርያም ስንምልላቸው፣ ልጁ ሞቶ ነበር። እህታቸውም በስልክ የማለችው ጥቁር ለብሳ ነው።

ትልልቆቹ ያለ እትዬ አሰለፈች ተሰበሰቡ። "ሕጉስ?" አልኩ። እናቴ "አንቺ ዝም በይ!" አለችኝ። መጀመሪያ ሑዳዴ ነው፣ በጾም ጉልበት የላቸውም ተባለ። ከዚያ ፋሲካ ሆነ፣ በፋሲካ መርዶ ይነገራል? ከዚያ ሲኞራቸው ለበጋው ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ወሰደቻቸው፤ እዚያ ብቻቸውን ሆነው እንዴት ይነገራቸው። ሲመለሱ ከስተው መጡ። ትንሽ ይረፉ ተባለ። እነዚያ ስለ ሕግ አንቀጽ የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ፣ አንዲት ቃል አውጥቶ የሚናገር ጠፋ። እኔም ያው ነኝ። ምላሴ ለተንኮል ነው እንጂ ለዚህ አልሠራ አለኝ።

እና ምን አደረግን? ደግ ሆንን! አቶ ጌታሁን መጥረጊያውን ከእጃቸው ይቀማል። በለጡ ሹራብ ሠራችላቸው። አባ በረከት ሲሰጡ እሳቸው ጋ ሲደርሱ ሁለቴ ይባርካሉ። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፣ እኛ ደሞ ከቀባሪው ደበቅን። እኔን ከጠየቃችሁኝ አውቀዋል። በምን አወቅሽ አትሉኝም? ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ አሁን አይሮጡም። ቢያገኙትም ስለ ዝናቡ ይጠይቁታል። ጥርሱ ፍንጭት ስለሆነው ልጅ ትንፍሽ አይሉም። እንዳያሳፍሩን ብለው ነው መሰለኝ።

ባለፈው እሑድ የበለጡ አባት ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ሰዎቹ ገና "እንዴት እናድርግ፣ መቼ እንንገራት" ብለው ሊንሾካሾኩ ሲሉ እትዬ አሰለፈች ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። በለጡ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

"በለጡ፣ አባትሽ ሞቷል" አሉ። "እዚሁ ነን።"

በለጡ ገና አፏን ሳትከፍት እሳቸው ጮኹ። ፒኜቶ የምትሠራ የአንዲት ልጅ አባት፣ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት ሽማግሌ፣ እንደዚያ አይለቀስለትም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "አባብዬ፣ ሳልሰናበትህ!" ይላሉ። "ማን ዓይንህን ከደነልህ! ማን አፈር አለበሰህ! ገና ለጋ!" አሉ። የሰማንያ ዓመት ሰው ገና ለጋ! ማንም አልሳቀም፣ እኔም ጭምር። እናቴ ተነሳች። አቶ ጌታሁን ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ ያለቅሳል። አባ መስቀሉን አስቀምጠው ተቀመጡ። አፋችን እምቢ ያለውን ሁሉ ያን ቀን በበለጡ አባት ስም አወጣነው። ማንም የማንንም ዓይን አላየም።

በለጡ ማልቀሷን አቁማ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ዙሪያውን ማየት ጀመረች። ግራ ገብቷታል።

"ኧረ እናንተ" አለች በመጨረሻ፣ "አባቴ እኮ ክፉ ሰው ነበር። አገሩ ሁሉ ተጣልቶት ነው የሞተው። እንዲህ ይለቀስለታል እንዴ?"

"ዝም በይ አንቺ" አሏት እትዬ አሰለፈች፣ "ገና አልጨረስንም።"