የሳል ደንብ እና የቅዳሜው ክትባት

የባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን፣ ሐሙስ
ቦታ፦ ምድር ቤት ያለው አዳራሽ። ንፋስ ይገባል ስለተባለ መስኮቱ ተዘግቷል።

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ
2. ፀጉር አስተካካዩ፣ አንደኛ ፎቅ
3. መካኒኩ፣ በቅጽል ስማቸው ጥሩምባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
4. ልብስ ሰፊዋ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር
5. ጸሐፊዋ፣ የአዳራሹም ቁልፍ ያዥ

ያልተገኙ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው (ትኩሳት ይዟቸው ተኝተዋል) እና አማታቸው (እሳቸውን እያስታመሙ ነው)።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ቢያንስ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ ከሰባት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ለጥቂት ተሟልቷል። ሰብሳቢው ከተቀመጡ በኋላ ሁለት ጊዜ አስለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስብሰባውን በ9 ሰዓት ከ20 ከፍተዋል።

አጀንዳ 1፦ የአምናውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ

ጸሐፊዋ አነበበች። አምና ጤና ጣቢያው በአዳራሹ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ልስጥ ብሎ ጠይቆ፣ ኮሚቴው «ሳሉ ጋብ ሲል እናየዋለን» ብሎ ማቆየቱ ተነበበ። ቀጥሎ «ጸሐፊዋ ልጇን ቀላል ጉንፋን ስለያዛት ቀድማ ወጥታለች» የሚለው መስመር ተነበበ። ጸሐፊዋ፣ ልጇ ከዚያ ስብሰባ በስምንተኛው ቀን ስለሞተችና የሆስፒታሉ ወረቀት ኢንፍሉዌንዛ ስለሚል፣ «ቀላል ጉንፋን» የሚለው እንዲታረም ጠየቀች። ሰብሳቢው፣ ሐዘኑ የሁላችንም ነው፣ ሆኖም ቃለ ጉባኤ አይነካም፣ አንድ ጊዜ ከተነካ ነገ ሁሉም የየራሱን ሊነካ ይመጣል አሉ። ሳይታረም ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ ደረጃ ላይ ስለሚያስሉ ሰዎች

መካኒኩ፣ የሚያስሉ በግራ፣ ጤነኞች በቀኝ ይሂዱ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ልብስ ሰፊዋ «ስወጣ ግራ የነበረው ስወርድ ቀኝ ነው፤ ታዲያ መንገድ ላይ ልዳን?» ብለው ጠየቁ። ፀጉር አስተካካዩ ሳል ደረቅና እርጥብ ተብሎ እንዲለይ፣ እሳቸውም ከሰው ጋር ተጠግተው ስለሚሠሩ መለየቱን በነፃ እንደሚያከናውኑ ገለጹ። መካኒኩ «ጆሮና ፀጉር ሳትለይ ሳል ልትለይ ነው?» በማለታቸው ቃላቸውን እንዲያነሱ ተጠየቁ። ጆሮውን አነሱ፤ ሳሉን አላነሱም።

መካኒኩ አያይዘው፣ አንዳንዱ አስቀድሞ አስሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል አሉ። ይህን ሲሉ ወደ ልብስ ሰፊዋ ያዩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ «ወንድሜ፣ የሰማኸው ቃር ነው» ብለው መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በስብሰባ ላይ ያሳለ አባል እንዳልተገኘ እንዲቆጠር፣ ደንቡም አባላት ከተቀመጡበት ደቂቃ ጀምሮ እንዲጸና፣ በአራት ድጋፍና በአንድ «ጉድ እኮ ነው» ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ የጤና ጣቢያው ደብዳቤ

ደብዳቤው የደረሰው ማክሰኞ ነው። አዳራሹ ከተፈቀደ ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ነርስ መጥታ ነዋሪውን ትከትባለች። በደንባችን አንቀጽ 9 መሠረት በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ያላገኘ ጥያቄ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ሦስተኛው ቀን ዛሬ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ወረርሽኙ ያለው ሬዲዮ ውስጥ እንደሆነ፣ አንድ የተከተበ ደንበኛቸውም ሁለት ቀን አተኩሶት ቀጠሮውን እንዳስቀረባቸው ተናገሩ። ልብስ ሰፊዋ «ሁለት ቀን ነው ያልከው አይደል? እኔ ሆዴ እዚህ ደርሶ ከትኩሳተኛ ጋር አንድ መደገፊያ ይዤ ነው የምወጣው። ሐኪሙ ተከተቢ ብሎኛል። ጣቢያው ሄጄ ግማሽ ቀን ወረፋ ብቆም፣ ወደየሕንፃው እንመጣለን ብለው መለሱኝ» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ በጉንፋን ይህን ያህል መሸበር እንደማያስፈልግ፣ ለዚህም ማስረጃው አሁን የተነበበው እንደሆነ፣ «ቀላል ጉንፋን» ተብሎ በጸሐፊዋ በራሷ እጅ መጻፉን አስረዱ።

ጸሐፊዋ ለጥቂት ጊዜ መጻፍ አቆመች። በዚህ መሀል የተባለ ነገር ካለ አልተመዘገበም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የጎረቤቱ ሕንፃ ተከትቦ የሚሆነው እስኪታይ አዳራሹ እንዳይፈቀድ በሦስት ለሁለት ተወሰነ። የጎረቤቱም ሕንፃ የእኛን እየጠበቀ መሆኑን ልብስ ሰፊዋ አስታወሱ። ማስታወሳቸው ተመዘገበ።

አጀንዳ 4፦ ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ ማንበብ

ጸሐፊዋ እንደ ደንቡ ከላይ ጀምራ አነበበች። «ሰብሳቢው ከተቀመጡ በኋላ ሁለት ጊዜ አስለው» የሚለው ላይ ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ እስቲ ድገሚው አሉ። ተደገመ። ልብስ ሰፊዋም፣ በሳሉ ደንብ ሰብሳቢው ካልተገኙ የተገኘነው አራት እንደሆንን፣ አራት ሰው ደግሞ ምንም ሊወስን እንደማይችል አስረዱ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ምልዓተ ጉባኤ ካልነበረ የሳሉም ደንብ እንደሌለ፣ ደንቡ ከሌለ ሰብሳቢው እንደተገኙ፣ ከተገኙ ደግሞ ደንቡ እንዳለ፣ ካለ እንዳልተገኙ ዘርዝረው አቀረቡ። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ መካኒኩ ራሴን አመመኝ አሉ። ራስ ምታት ከምልክቶቹ አንዱ ስለሆነ ሁሉም ወንበሩን ራቅ አድርጎ፣ ነገሩ ታለፈ።

ሰብሳቢው ደብተሩን ተቀብለው መስመሩን አዩ። «እህቴ፣ ሁለት ጊዜ ነው?» አሉ። ጸሐፊዋ «ሁለት ጊዜ ነው ጋሼ» አለች። መካኒኩ ገና ስላልተፈረመ ይፋቅ አሉ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ የአምናውን ገጽ ገልጠው «ቀላል ጉንፋን» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያ «አይሆንም። ቃለ ጉባኤ አይነካም» አሉ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የሳሉ ደንብም የአዳራሹም ክልከላ፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ስብሰባ ለመጥራት የሁለት ቀን ማስታወቂያ ስለሚያስፈልግ ቀጣዩ ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀጥሯል። ለጤና ጣቢያው የሚጻፍ መልስ የለም።

አባላት በ11 ሰዓት ከ40 ተነሥተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ሲወጡ፣ ለልጆች የሚሰጠው በክንድ ነው በጭን ብለው ጸሐፊዋን በቀስታ ጠይቀዋል።

የቅዳሜ ጠዋቱን ክትባት ማስታወቂያ ጸሐፊዋ ደረጃው ሥር ትለጥፋለች። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ እጅጌው የሚጠቀለል ልብስ እንዲለበስ ይጻፋል። የበሽታው ስም በሙሉ ይጻፋል። «ቀላል» የሚል ቃል አይኖርበትም።