የገጹ ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ

«ምን ለውጥ አለው?» የሚል ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ቢቸና ላይ ገጥሞኛል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ድረ ገጽ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ሞልቶ፣ ከገጹ ጀርባ ለኮምፒውተር ብቻ በሚነገረው «የገጹ ቋንቋ» በሚለው ቦታ ላይ «እንግሊዝኛ» ብሎ ትቶታል።

ሞጣ ያሉት የቀድሞ አስተማሪዬ መምህር አበረ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ድረ ገጽ በድምፅ የሚያነብላቸው ኮምፒውተራቸው ነው። ያ ታዛዥ ኮምፒውተር «እንግሊዝኛ ነው» ሲባል አመነና፣ የመምህራን ዝውውር ማስታወቂያውን አማርኛ ሁሉ ዘሎ ስልክ ቁጥሩን ብቻ በእንግሊዝኛ አነበነበላቸው። «እኔ ላንብብልዎ» ብላቸው፣ «ለእኔ የተጻፈውን ራሴ ልስማው» አሉ።

ቢቸና ሄድኩ።

«ፊደሉ እየታየ ምን ለውጥ አለው?» አለኝ ባለሙያው።

«ለሚያይማ ይታያል!» አልኩት።

«እንግዲያው ማመልከቻ ያስገቡ።»

አንዲት ቃል ለማስቀየር! አስገባሁ። ሦስት ቀን በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን፣ «ተፈቷል፤ ድረ ገጹ ላይ አውጥተነዋል» አለኝ። እውነትም «የዓይነ ስውራን ቅሬታ ተፈቷል» የሚል ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ በትልቁ ወጥቷል። መምህር አበረ ጋ ደወልኩ፤ ከፍተው አዳመጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬም የነገረኝ ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ።»

ነገ ጠዋት ከዘበኛው ቀድሜ በሩ ላይ ነኝ።