ሙክቱ ያየው ቢላዋ

ቢላዋ መሳል አልችልም የሚል ወንድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የተሳለ ቢላዋ ያለበት ቤትም አልገጠመኝም! እርስዎ አንባቢዬ፣ እስኪ ይነሱና የጓዳዎን ቢላዋ ቲማቲም ላይ ይሞክሩት... እጠብቃለሁ።

የኔ ጉድ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ባገባሁ በመጀመሪያው አረፋ ባለቤቴን ፋጡማን ይዤ ከደሴ ወደ አማቴ ወደ ሸህ እንድሪስ አገር፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወዳለው ገጠር ወረድኩ። አዲስ አማች ሙክቱን ነድቶ ሄዶ፣ በራሱ ቢላዋ፣ ዘመድ አዝማድ እያየው ማረድ አለበት። ሙክቱን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ የዳቦ ቅርፊት በእጄ እያጎረስኩ ያደለብኩት ነው። ቢላዋውን ደግሞ ሰኞ ገበያ አንድ ባለ ሞረድ ስሎልኝ ጸጉር ይላጭ ነበር። ነበር!

መንገድ ላይ ባለው ኬላ ጠባቂው ቢላዋዬን ተቀበለኝና፣ ኮንትሮባንድ ፍለጋ የተሳፈርንበትን መኪና ጆንያ ሁሉ ይወጋበት ጀመር። ጨው አልቀረው፣ ምስማር አልቀረው!

«ጓድ፣ የበግ ማረጃ እኮ ነው!»

«በጉ ይቆይ፤ አብዮቱ ይቀድማል!»

ሲመልስልኝ ቅቤም አይቆርጥ።

ሸህ እንድሪስ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይኼ ምኑን ይቆርጣል? የኔን ላምጣልህ?»

«ወላሂ አይሆንም አባባ! አሁኑኑ እስለዋለሁ።»

«እንግዲያ ኸበጉ ዞር በል። በግ እያየ ቢላዋ አይሳልም፤ ነውር ነው።»

ይህን እኔም አውቃለሁ። የማላውቀው በጉን ነበር... ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ አድርጌ ልጀምር ስል፣ «ባአ!» ዳቦ ፍለጋ ተከትሎኛል። ወደ ድርቆሽ ክምሩ ዞርኩ፤ እሱም ዞረ። በመጨረሻ አሳሰርኩትና ወንዝ ወረድኩ። ደህና ድንጋይ አግኝቼ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጎኑ ቀስ እያልኩ ሳልኩት። የክንዴን ጸጉር ሲላጭልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቀና ስል... ሙክቱ ከነገመዱ፣ ከነችካሉ ፊቴ ቆሞ ያየኛል! ከኋላው ደግሞ ሲያሳድዱት የመጡት ሸህ እንድሪስና ዘመድ አዝማዱ በሙሉ ያለከልካሉ።

«አየ?» አሉ ሸሁ።

«ሲያመነዥክ ነበር አባባ... ልብ አላለውም!»

«አይቷል። ዛሬስ አይታረድም።»

የራሳቸውን በግ በራሳቸው ቢላዋ አረዱ። እኔ እግር ያዝኩ። እፍረቴን ምን ብዬ ልንገርዎ! ግን መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ሙክቴ በመትረፉ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል።

ስንሰነባበት ሸሁ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «በቢላዋ ነገር አትረባም፤» አሉኝ፤ «ግን እንስሳ እንዲህ የሚከተለው ሰው ልጄን አይበድላትም። አልሐምዱሊላህ!»

ደረቴን ነፍቼ ከነሙክቴ ደሴ ገባሁ።

«ሰማሽ አይደል፣ አባትሽ ያሉትን?» አልኳት ፋጡማን።

«ሰማሁ። አሁን ሽንኩርት ልከትፍ ነው፤ ቢላዋውን ሳልልኝ።»

በመልሱም ያ የኬላ ጠባቂ ተቀብሎኝ ጆንያዎቹን ወግቶበት ነበርና ዶልዱሟል! ቢላዋዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከኋላዬ፣ «ባአ!»