በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት ነው። እንዲህ ስላለ ትልቅ ነገር ሲወራ ቆሞ መስማት ነበር የሚገባው፤ ነገር ግን የኔም ጉልበት የእናንተም ትዕግሥት አይችለውምና ተቀምጠን እናክብረው።

መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ይባላል። እኔ የልጅ ልጄን እንደማሳድግ የሚገልጽ ማስረጃ ፈልጌ ኮሪደሩ ውስጥ ያለችውን አግዳሚ ወንበር ስመላለስባት ከርሜአለሁ። ወንበሯም ለምዳኛለች። ስለዚህ የምነግራችሁ አሉባልታ አይደለም፤ እዚያው ተቀምጬ በዓይኔ በብሌኑ ያየሁት ነው።

መጀመሪያ ስለ ክፍሉ ልንገራችሁ። ከኮሪደሩ ጫፍ «ለሕፃናት ምቹ ክፍል» የሚባል አለ። ግድግዳው ላይ ቀጭኔና ዝሆን ተሥሎበታል፣ ወለሉ ለስላሳ ምንጣፍ ለብሷል፣ አሻንጉሊቶቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። ልጆች ገብተው እንዳያበላሹት ሁልጊዜ ይቆለፋል። ኃላፊው እንግዳ በመጣ ቁጥር በመስታወቱ በኩል እያሳዩ፣ «ይህ ክፍል ከተመረቀ ጀምሮ በውስጡ አንድም ሕፃን ጉዳት አልደረሰበትም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድም ሕፃን አልገባበትማ!

ሁለተኛው መኩሪያቸው መመሪያው ነው። ማንም ባለሙያ ብቻውን ሆኖ ሕፃን አያነጋግርም፤ የግድ ሁለት መሆን አለባቸው። ደንቡ ክፉ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ዓለም ከልጅ ጋር ብቻውን መተው የሌለበት ሰው እንዳለ የሚያውቅ አስተዋይ ሰው ያወጣው ነው፤ እጁ ይባረክ። ችግሩ ጽሕፈት ቤቱ ያሉት ባለሙያዎች በጠቅላላ ሁለት መሆናቸው ነው። አንደኛዋ ቢሮዋ አለች። ሁለተኛው ሥልጠና ላይ ነው። የምን ሥልጠና? ባለሙያዎች ሁለት ሆነው የመሥራታቸው አስፈላጊነት።

ሦስተኛው መኩሪያቸው የኃላፊው ንግግር ነው። በድምፅ ማጉያ መኪና እየዞሩ ለተማሪዎች ይናገራሉ፣ ዓርማ ያለበት ቆብ ያድላሉ። «ልጆች! ችግር ያየ ልጅ ሮጦ ወደ እኛ ይምጣ! በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው!» ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያ ያነሣል። አያችሁ፣ ንግግር የሚደረገው እንዲጨበጨብለት ነው። ይህን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከተሰብሳቢው መካከል አንድ ሰው ቁም ነገር ብሎ ይሰማል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግን የሰማች መጣች።

ቁመቷ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ እምብዛም አይበልጥም። ያ ዓርማ ያለበት ቆብ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። ሮጣ ስለመጣች ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እትዬ፣ ወንድሜ ተቆልፎበታል።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። «ከማን ጋር መጣሽ የኔ ቆንጆ?»

«ብቻዬን።»

«ሕፃን ብቻውን አይመጣም። አሳዳጊሽን ይዘሽ ነይ።»

«የቆለፈበት እኮ እሱ ነው፤ አጎቴ።»

«ጥሩ፤ እሱን ይዘሽው ነይ።»

ልጅቷ አልሄደችም። ነገሩን ከሥሩ አስረዳች። እናታቸው ራቅ ያለ ቦታ ሥራ ይዛለች፤ የሚኖሩት ከአጎታቸው ጋር ነው። አጎትየው ጣውላ በሚሰነጠቅበት እንጨት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ትንሹ ልጅ አንዴ መንገድ ወጥቶ መኪና ሊገጨው ስለነበር፣ ጠዋት ሲወጣ እሱን ቤት ውስጥ ቆልፎበት፣ ለእሷ «አንቺ ጠብቂው» ብሏት፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ይሄዳል። እሷም ከውጭ ሆና ትጠብቃለች። በሩ ሥር ተኝታ በስንጥቁ ትዘፍንለታለች፤ እሱም ከውስጥ ይቀበላታል።

«ዛሬ ግን ብዘፍን ብዘፍን አልተቀበለኝም። ሌሊት ሲያተኩሰው ነበር። አጎቴ ጋ ብሄድ ማሽን አለ ብለው ከበር መለሱኝ። ጎረቤቶቹን ብጠራቸው የሰው ቤት አንሰብርም፣ ለመንግሥት ተናገሪ አሉኝ።»

እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። «እንግዲህ ምን እንጠብቃለን? ሄደን እንክፈተው እንጂ!»

በዚህ ጊዜ ባለሙያዋ ከቢሮዋ ብቅ አለች። ደግ ፊት ያላት ሴት ናት፤ ዓይኗም እንባ አቅርሯል። «አባባ፣ ያለ ፈቃድ የሰው ቤት መክፈት ሕግ መጣስ ነው። እኔም ብቻዬን ስለሆንኩ ላነጋግራት አልችልም።»

«አሁን እኮ ነገረችን።»

«የነገረችው ለጸሐፊዋ ነው። እኔ በይፋ አልሰማሁም።»

«እኔ ሁለተኛ ልሁንልሽ።»

«ሥልጠናውን ወስደዋል?»

አልወሰድኩም። ልጆች አሳድጌ፣ የልጅ ልጅ ይዤ፣ እንዲሁ በድፍረት ስኖር ኖሬአለሁ። ሕግ አክባሪ ሰው ነኝና አፍሬ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ልጅቷ የት ትቆይ የሚል ነበር። ምቹው ክፍል ተቆልፏል። ኮሪደሩ ላይ እንዳትቀመጥ «ያልታወቀ አዋቂ» አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። ስለዚህ ዘበኛው ለደኅንነቷ ሲል እጇን ይዞ ከግቢ አስወጣት። ወዲያው ኃላፊው በመስኮት ጮኹ።

«ምን ጉድ ነው! ሕፃን ያለ ጠባቂ መንገድ ላይ! ያውም በእኛ ታፔላ ሥር! አስገባት!»

አስገባት። ባለሙያዋ እኔን እያየች በመመሪያው መሠረት አስወጣት አለችው። አስወጣት። ኃላፊው እንደገና በመስኮት ታዩ። ዘበኛው ምስኪን ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ የሁለቱንም ትእዛዝ የሚፈጽም ዘዴ አገኘ፤ አንድ እግሯን ከደፉ ውስጥ አንድ እግሯን ከውጭ አድርጎ አቆማትና በሩ እንዳይዘጋባት በትከሻው ደገፈው። በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው የተባለው ቃል ያን ጊዜ ሳይሸራረፍ ተፈጸመ።

ልጅቷ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ «ጋሼ፣ ቶሎ በሉ እሺ? አይመልስልኝም እኮ።»

ዘበኛው፣ «እሺ ሚጣዬ፣ ስብሰባ ጀምረዋል፤ አይዞሽ» ይላታል።

ጀምረዋል። የውሃ ጠርሙስ ገባ፣ ወንበር ተጎተተ። የኃላፊው ድምፅ በግድግዳ አያልፍም አይባልም፤ ቃል በቃል ይሰማኛል።

«እንደሚታወቀው የሕፃኑ ጥቅም ከሁሉ ይቀድማል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ሕፃኑ የትኛው እንደሆነ እንወስን። በር ላይ ያለችው ጥቆማ አቅራቢ ናት ወይስ ተጠቂ?»

«ጥቆማ አቅራቢ ከሆነች አዋቂ መሆን አለባት» አለች ባለሙያዋ።

«ተጠቂ ከሆነችስ?»

«ተጠቂ ከሆነች ራሷ ጥቆማ አታቀርብም፤ ሌላ ሰው ነው የሚያቀርብላት።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ እስካሁን በይፋ የመጣ ሰው የለም።»

ኃላፊው በረጅሙ ተነፈሱ። የትልቅ ሰው አተነፋፈስ ነው። «ቢሆንም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። አሳዳጊውን እንጥራ።»

በነገራችን ላይ ያን ቀን ከሠሩት ሥራ ሁሉ የረባው ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም ለሌላ ብለው ነው የሠሩት።

አጎትየው እየሮጠ መጣ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሳያወርድ ነው የተነሣው። ጉልበቱን ሥራ የጨረሰበት ሰው እንጂ ክፉ ሰው አይመስልም። ልጅቷን በሩ ላይ ሲያያት ደነገጠ፤ ዘበኛው ግን እንድትናገረው አልፈቀደም። ምስጢር ነዋ!

«ስለ አንድ ሕፃን ጥቆማ ደርሶናል» አሉት ኃላፊው። «ምስጢር ጠባቂዎች ስለሆንን ሕፃኑ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ ልንነግርህ አንችልም።»

«ታዲያ ለምን ጠራችሁኝ ጌታዬ?»

«እንድታውቀው ነው።»

«ምኑን?»

«እሱን ልንነግርህ አንችልም።»

ሰውየው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አገላብጦ አየው። ባለሙያዋ ነገሩን ልታቀና ፈልጋ፣ «በጥቅሉ ለመጠየቅ ያህል፣ ቤትህ ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ቀን ቀን ማን ይጠብቀዋል?» አለችው።

«ያቺው እህቱ ናት። እኔ ሥራ እውላለሁ። እንጨት ቤት ደግሞ ማሽን ስላለ ልጅ አያስገቡም። ወዴት ልውሰደው?»

ወዴት ይውሰደው የሚለው ጥያቄ አጀንዳ ውስጥ አልተያዘም። ባለሙያዋ ግን መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረገችና ፊቷ በራ።

«ክቡር ኃላፊ፣ እዚህ ላይ አሳዳጊ ማለት በማናቸውም ምክንያት ሕፃኑን በየዕለቱ የሚጠብቅ ሰው ነው ይላል።»

«እንግዲያው አሳዳጊው...»

«በር ላይ ያለችው ናት።»

«ሕፃኑን ጥላ የመጣችውም?»

«እሷው።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አደረጉ። ይህ ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመ ጀምሮ ዳር የደረሰ ጉዳይ ኖሮት አያውቅም፤ አሁን ግን ጥፋቱም ጥፋተኛውም፣ ያውም በራሷ እግር መጥታ፣ ተገኙ። ልጅቷ ትግባ ተባለ። በሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። ዘበኛው ትከሻውን እያሻሸ ከጎኔ መጥቶ ቆመ፤ በኃላፊው ቢሮ መስታወት በኩል ሁለታችንም እናያለን።

«ጽሕፈት ቤታችን» አሉ ኃላፊው ቆመው፣ «ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ መርምሮ የሕፃኑ አሳዳጊ አንቺ መሆንሽን አረጋግጧል። በጥበቃሽ ሥር ያለውን ሕፃን ትተሽ በመምጣትሽ በጥብቅ ያስጠነቅቅሻል። የሕፃናት አያያዝ ሥልጠናም እንድትወስጂ ወስኗል። ሥልጠናው አሠልጣኙ ከሥልጠና ሲመለስ ይሰጥሻል።»

ልጅቷ ቆቧን ከቅንድቧ ላይ ገፋ አድርጋ አየቻቸው።

«አሳዳጊው እኔ ነኝ?»

«አዎን።»

«አጎቴ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እውነት?»

«እንዴት እውነት ትያለሽ? ጽሕፈት ቤቱ ወሰነ እኮ! ከዚህ በኋላ የሚለውጠው የለም።»

«እንግዲያው» አለች እጇን ዘርግታ፣ «ቁልፉን ስጡኝ።»

ኃላፊው ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። «መመሪያው ስለ ቁልፍ ምን ይላል?» ባለሙያዋ መግለጥ ጀመረች።

አጎትየው ግን ልጅቷን ነበር የሚያየው። «የምን ቁልፍ? ማሙሽ ምን ሆነ?»

«ከጠዋት ጀምሮ አይመልስልኝም።»

የሰውየው ፊት ከፀጉሩ ብናኝ የበለጠ ነጣ። ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ወለሉ ላይ ወደቀበት። ልጅቷ አፈፍ አድርጋ ሮጠች፤ ያ ቆብ ደፉ ላይ ወድቆ ቀረ። አጎትየው ተከተላት። እኔም ጉልበቴን እየረገምኩ ከኋላ ከኋላ አዘገምኩ። ከጽሕፈት ቤቱ የተከተለን ሰው አልነበረም። ሁለት መሆን ነበረባቸዋ!

ቤቱ ከእንጨት ቤቶቹ ጀርባ ነው፤ አንድ ክፍል፣ መስኮቱ በጣውላ የተመታ። ስደርስ በሩ ተከፍቷል። ልጁን ያገኙት ደፉ ሥር በግንባሩ ተኝቶ፣ አፉን ስንጥቁ ላይ ለጥፎ ነው። እንደ ፍም ይጋላል። እህቱ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስሙን ትጠራለች። ትንሽ ቆየና ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ለምን ዘፈኑን አቆምሽው?» አላት።

አጎትየው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ብድግ አድርጎ አቀፈውና ወደ ክሊኒኩ ሮጥን። በር ላይ አንዲት ነርስ ተቀበለችን።

«የዚህ ልጅ አሳዳጊ ማነው?»

አጎትየው አንገቱን ደፋ። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ ልጅቷ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ። ትልቁ ቢሮ ነው የወሰነው።»

ነርሷ ቁልቁል አየቻት፤ ከዚያ እኛን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቀና ብላ አየችን። አስተያየቷን እስካሁን አልረሳሁትም። «ነይ እንግዲህ አሳዳጊ፣ ግቢ» አለችና ልጁን ተቀብላ ወደ ውስጥ ወሰደችው። ብቻዋን ነበረች ሴትዮዋ። መመሪያውን አላነበበችም መሰለኝ።

ልጁ ዳነ። አጎትየው በማግሥቱ መቆለፊያውን ነቅሎ ጣለው። እንጨት ቤት ያሉት ጓደኞቹም ተማክረው ከማሽኖቹ ራቅ ባለው ጥግ አጥር ሠሩ፤ ልጁም ቀን ቀን እዚያ ይውላል፤ ከቁርጥራጭ እንጨት ቤት ሲሠራ አይቼዋለሁ። ወዴት ልውሰደው ለሚለው መልሱ ያን ያህል ቅርብ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱም ተሳክቶለታል። ኃላፊው በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ፣ «በራሷ የምትተማመን አሳዳጊ አፍርተናል» ብለው ተጨብጭቦላቸዋል። ምቹው ክፍል እንደ ጥንቱ ንጹሕ ነው፤ ቀጭኔውም ዝሆኑም ደኅና ናቸው። ያ የድምፅ ማጉያ መኪና ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ አያውቅም። ዘበኛውን ምክንያቱን ብጠይቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ልጆቹ ይሰማሉ ተብሎ ነው አባባ» አለኝ። እኔም ማስረጃዬን መጠየቅ ተውኩ፤ የልጅ ልጄን አሳዳጊዬ ናት ብለው እንዳይወስኑብኝ ፈርቼ።

በሉ ልጆቼ፣ መሸም አልመሸም ልልቀቃችሁ። ያወራሁትን ሁሉ ብትረሱት አልቀየማችሁም። አንዲቷን ብቻ ያዙልኝ፤ ነገ እናንተም ወንበርና ጠረጴዛ፣ በርና ቁልፍ ይኖራችኋል። ትንሽ ልጅ እያለከለከ በራችሁ ላይ ቆሞ ያያችሁት ቀን፣ «ከማን ጋር መጣህ?» ከማለታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ «ማን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁት።