ችግሩ ማሳው ነው

ጠይቆ ከመረዳት ይልቅ መቆጣት የሚቀልለው አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አሰላ ሳለሁ ገጥሞኛል። አልጋና ምድጃ ባላት መኪና ሕፃናት ልንከትብ ወደ በቆጂ ስንሄድ ጭጋግ ያዘን። ሾፌራችን ከድር መብራት ሲያበራ የቤንዚኑ ቀስት ባዶ ነኝ፣ የሙቀቱ ደግሞ ፈላሁ አለ።

«እንመለስ!» አሉ አለቃችን።

ከድር ግን ወርዶ ሞተሩን ዳሰሰ፤ ለብ ከማለት አላለፈም። «ጌታዬ፣ ችግሩ ማሳው ነው።»

አለቃው የመንገድ ዳሩን ገብስ ገላምጠው፣ «የገበሬው ማሳ ምን አገባው?» አሉ።

«የመኪናዋን ማሳ ነው የምልዎት፤ ሽቦው ከብረቷ የሚታሰርበትን። ሰሞኑን ሲያስቀቧት ቀለም ገብቶበት ኤሌክትሪኩን ከልክሎታል።»

ብሎኑን ፈታ፤ ቀለሙን በቢላዋ ፍቆ መልሶ አጠበቀው። መብራቱን መልሶ ሲያበራ ቀስቶቹ ልካቸውን ይዘው ቆሙ! አጨበጨብን።

በቆጂ ስንደርስ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቁናል። አለቃችንም እጅጌያቸውን ሰብስበው ሕፃናቱን ያዙልን። ያን ቀን አንዲትም እናት ሳታስከትብ አልተመለሰችም።