የመቀበያው ጋቢ

እናንተ ሰፈር በሰው አገር ምርጫ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አለ? እኛ ሽሮ ሜዳ ሸማኔው ጋሽ አንጁሎ አሉልን። ልጃቸው ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ፤ እዚያ ወታደር ሆነና አፍጋኒስታን ላኩት።

አዲስ ፕሬዚዳንት «ሠራዊቱን አስወጣለሁ» ብሎ ሲመረጥ ጋሽ አንጁሎ በግ አረዱ፤ ለልጃቸው መቀበያም ጋቢ ጀመሩ። ሰፈሩ እልል አለ። እስቲ አሁን፣ ለገዛ ቀበሌያችን ሊቀመንበር እንዲህ ጨፍረን እናውቃለን? ፕሬዚዳንቱ ግን ጭራሽ ወታደር ጨመረ።

«ምነው ጋሽ አንጁሎ፣ አስወጣለሁ አላለም?» አልኳቸው።

«ለመውጣትም እኮ መጀመሪያ በርከት ማለት ያስፈልጋል» አሉኝና ጋቢውን አቆዩት።

ቀጣዩም አስወጣለሁ ብሎ ተመረጠ። «ይሄኛው ነጋዴ ነው፤ ኪሳራ አይወድም» ብለው እንደገና ሽመናቸው ላይ ተቀመጡ። እሱም ጨመረ። ጋቢው ያለቀ ሰሞን ልጁ በሳጥን መጣ፤ ጋቢውን እዚያው ሳጥኑ ላይ አለበስነው።

ጦርነቱን የጨረሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ፕሬዚዳንት ነው። የተረፉት ወታደሮች አውሮፕላን ሲሳፈሩ ጋሽ አንጁሎ ቤት ተሰብስበን በቴሌቪዥን አየን።

«ያስወጣቸዋል አላልኳችሁም?» አሉና፣ እልል እንድንል እየጠበቁ ፊት ፊታችንን አዩን።